«ወደ ፍትሕ ያጋድላል» ስንል፦ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ አባባል የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ ወጥታችሁ ሳታርፉ፣ ልጅ ይዛችሁ፣ ሩቅ መንገድ ነድታችሁ የመጣችሁ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፤ አትፈሩ፣ ኑ ተቀመጡ።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ብቻ። ልጆቻችሁ በየዓመቱ በጃንዋሪ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ሲደርስ ከትምህርት ቤት ይዘውት ይመጣሉ። ፖለቲከኞች ሲያሸንፉም ሲሸነፉም ይጠቅሱታል። በ2010 የፕሬዚዳንት ኦባማ ቢሮ ሲታደስ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ከተጠለፉት ጥቅሶች አንዱ ይኸው ነበር። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ስናመጣው «የሞራል ዓለም ቅስት ረጅም ነው፤ ነገር ግን ወደ ፍትሕ ይጎብጣል» ይላል።

ጆሮ ይኮሰኩሳል፤ አይደለም እንዴ? ለምን እንደሚኮሰኩስ እንነጋገር። በእኛ ቋንቋ ፍትሕ ቀጥ ያለ ነገር ነው። ጥሩውን ፍርድ ቅን ፍርድ እንለዋለን፤ ቅን ማለት ደግሞ የቀና፣ ያልተጣመመ ማለት ነው። ክፉውን ዳኛ ጠማማ እንለዋለን። ፍርድ አጣመመ፣ ፍርድ አጎደለ እንላለን። ነቢዩ ኢሳይያስም «ጠማማውም ይቃናል» ነው ያለው። የጎበጠው ሲቃና ደስ ይለናል እንጂ፣ ቀጥ ያለው ሲጎብጥ ምሥራች ሆኖ ሰምተን አናውቅም። ስለዚህ «ወደ ፍትሕ ይጎብጣል» ሲባል አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ቢደነግጥ ልክ ነው። ወደዚህ ችግር በመጨረሻ እመለሳለሁ፤ የትርጉሙን የቤት ሥራ ለእናንተ ልተው ስለሆነ ከአሁኑ አስቡበት።

ሦስት ነገር እናያለን። መጀመሪያ፣ ይህን ቃል ማን፣ በምን ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ጻፈው? ሁለተኛ፣ ዶክተር ኪንግ ተቀብለው ምን ሠሩበት? ሦስተኛ፣ እኛ ስንጠቅሰው የት ላይ እናበላሸዋለን? ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

እንግዲህ አንደኛው። አባባሉ ከኪንግ የመነጨ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ምንጣፉም ላይ የተጠለፈው የኪንግ ስም ነበር። ሐሳቡ ግን ኪንግ ከመወለዳቸው 76 ዓመት በፊት ታትሟል። የጻፉት ቴዎዶር ፓርከር የሚባሉ የቦስተን ቄስ ናቸው። በ1810 በሌክሲንግተን፣ ማሳቹሴትስ ተወለዱ። አያታቸው ካፒቴን ጆን ፓርከር በ1775 የሌክሲንግተንን ሚሊሺያ በእንግሊዝ ጦር ፊት ያሰለፉት ሰው ናቸው። ፓርከር በትምህርታቸው ከብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸው ጋር ተጣልተው አብዛኞቹ የቦስተን ቄሶች መድረክ ከልክለዋቸው ነበር። ሕዝቡ ግን በአዳራሽ ተሰብስቦ በሺህዎች ያዳምጣቸው ነበር። በ1853 ባሳተሙት የስብከት መጽሐፍ፣ ስለ ፍትሕና ሕሊና በሚናገረው ስብከት ውስጥ፣ ያቺ ሐሳብ ትገኛለች።

እስቲ ሙሉውን ስሙት። «የሞራሉን ዓለም አውቀዋለሁ አልልም። ቅስቱ ረጅም ነው፤ የእኔ ዓይን የሚደርሰው ጥቂት ርቀት ነው። በማየት ብቻ ኩርባውን አስልቼ ምስሉን መሙላት አልችልም፤ በሕሊናዬ ግን እደርስበታለሁ። ከማየውም ተነስቼ ወደ ፍትሕ እንደሚያጋድል እርግጠኛ ነኝ።»

ልብ በሉ! ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዛሬ በየግድግዳው የሚለጠፈው ጫፉ ብቻ ነው። «አውቀዋለሁ አልልም» የሚለው ወድቋል። «ዓይኔ አይደርስም» የሚለው ወድቋል። «አስልቼ መሙላት አልችልም» የሚለው ወድቋል። የቀረልን እርግጠኝነቱ ነው፤ ትሕትናው በመንገድ ላይ ተራግፏል። የአባባሉ መበላሸት የጀመረው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ቅስት የሒሳብ ቃል ነው፤ ፓርከርም በሒሳብ ትርጉሙ ነው የወሰዱት። ምን ማለታቸው እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በጃንዋሪ 1801 ፒያትሲ የሚባል በሲሲሊ የሚሠራ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሰው ሴሬስ የምትባለውን ትንሽ የሰማይ አካል አገኘ። 41 ቀን ያህል ተከታተላት፤ ከዚያ ወደ ፀሐይ ተጠግታ ጠፋች። ያየው የጉዞዋን ቁራጭ፣ በጣም አጭር ቅስት ነው። ከዚህ ቁራጭ ተነስቶ ሙሉውን ምሕዋር ማስላት ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ቅስቱ አጭር ሲሆን በልኬት ላይ ያለች ትንሽ ስሕተት ምሕዋሩ ላይ እጅግ ትሰፋለች። የ24 ዓመቱ ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ አዲስ የስሌት ዘዴ አበጅቶ የት እንደምትወጣ ተነበየ፤ በዓመቱ መጨረሻ፣ በዲሴምበር 31፣ እዚያው አካባቢ ተገኘች። ለሰማይ አካል ይህ ይቻላል፤ የምትጓዝበት ሕግ ይታወቃልና። የሰው ልጅ ታሪክ ግን እንዲህ ያለ ቀመር የለውም። ፓርከር «አስልቼ መሙላት አልችልም» ያሉት ይህን ነው። ዕድሜያችን የምታየው ቁራጭ አጭር ናት፤ ከእሷ ተነስተን «መጨረሻው ይህ ነው» ብንል ስሕተታችን ይሰፋል። እሳቸው የተማመኑት በስሌት አይደለም፣ በሕሊና ነው። ሕሊና ደግሞ የተኛ ሰው ሀብት አይደለም።

ቄሱ ይህን የጻፉት ሻይ እየጠጡ መስሏችሁ እንደሆነ ልንገራችሁ። በሴፕቴምበር 1850 ኮንግረሱ ስለ ኮበለሉ ባሪያዎች ሕግ አወጣ። ሕጉ እንዴት እንደሚሠራ ስሙ። ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ወደ አንድ ኮሚሽነር ቀርቦ ይመሰክራል። የተያዘው ሰው ስለ ራሱ መመስከር አይፈቀድለትም፤ ጁሪም የለም። ኮሚሽነሩ ሰውየው ይመለስ ብሎ ከፈረደ 10 ዶላር ይከፈለዋል፤ ነጻ ነው ብሎ ከለቀቀው 5 ዶላር። ጠማማ ፍርድ እጥፍ የሚያስከፍልበት ሕግ! የኮበለለን ሰው የደበቀ ወይም የረዳ እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል፣ እስከ 6 ወር ይታሰራል።

ሕጉ በወጣ በአንድ ወር ገደማ የኮበለሉ ባሪያዎች አዳኞች ቦስተን ገቡ። የሚፈልጉት ዊልያምና ኤለን ክራፍት የሚባሉ ባልና ሚስት ነበር። እነዚህ ሁለቱ በዲሴምበር 1848 ከጆርጂያ ያመለጡት በሚያስደንቅ ብልሃት ነው። ኤለን መልኳ ነጣ ያለ ስለነበር የታመመ ነጭ ወጣት ጌታ መስላ ለበሰች፤ ባሏ አሽከሯ ሆነ። መጻፍ አትችልም ነበርና ሆቴል ላይ ፈርሚ እንዳትባል ቀኝ እጇን በጨርቅ አንጠለጠለች። በባቡርና በመርከብ ተጉዘው በገና ዕለት ፊላደልፊያ ደረሱ። አዳኞቹ ቦስተን ሲመጡ ኤለንን ቤታቸው የደበቁት ቄስ ፓርከር ናቸው። በእነዚያ ቀናት ስብከታቸውን ሲጽፉ መሣሪያ ከአጠገባቸው አይለይም ነበር። ከዚያ ሁለቱን በሕግ አጋቡና ለባልየው በአንድ እጁ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው ሰይፍ ሰጡት። ባልና ሚስቱ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። «ቅስቱ ወደ ፍትሕ ያጋድላል» ያለው ሰው ይህ ነው። ማን ጎተተው? ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከዚያ ቤት ይጀምራል።

እና ቀናው? አልቀናም። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ፣ በሜይ 24 ቀን 1854፣ ከቨርጂኒያ ያመለጠ አንቶኒ በርንስ የሚባል የ20 ዓመት ገደማ ወጣት ቦስተን ውስጥ ተያዘ። በ26 ምሽት ትልቅ ስብሰባ ተጠራ፤ ፓርከርም ተናገሩ። እቅዱ እንዲህ ነበር፦ ጥቂት ሰዎች ፍርድ ቤቱን ሲያጠቁ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «ፍርድ ቤቱ ተደፈረ» ብሎ ይጮኻል፤ ሕዝቡ ግር ብሎ ይወጣና ይደርስላቸዋል። የከሸፈው ምልክቱ ላይ ነው። መድረክ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ እቅዱን በቅጡ አልሰሙም፤ ሕዝቡ በጊዜ አልደረሰም። በግንድ በሩን የሰበሩት ሰዎች ብቻቸውን ቀሩ። አንድ ጠባቂ ሞተ፤ በርንስም አልተፈታ። በጁን 2 ኮሚሽነሩ ይመለስ ብሎ ፈረደ። ወደ 50,000 ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ እያየ፣ ወታደር ከብቦት፣ ወጣቱ በእግሩ ወደ ወደቡ ተወሰደ። ሱቆች ጥቁር ጨርቅ ሰቅለው ነበር። ፍርድ ተሰጠ፤ ፍትሕ አልተገኘም። በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ገደል እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እናውቀዋለን።

ከዚያስ? በቀጣዩ ዓመት የጥቁሮቹ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሊዮናርድ ግራይምስ 1,300 ዶላር አሰባስበው በርንስን ገዝተው ነጻ አወጡት። የማሳቹሴትስ ምክር ቤትም ግዛቲቱ ከዚያ ሕግ ጋር እንዳትተባበር የሚያደርግ ሕግ በ1855 አወጣ። ከበርንስ በኋላ ከማሳቹሴትስ በዚያ ሕግ የተመለሰ ሰው የለም። እዩ፣ በሽንፈቱ ማግስት ነው ሰዎቹ የጎተቱት። ፓርከር ባርነት ሲያበቃ አላዩም፤ በሜይ 1860 ፍሎረንስ ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ጦርነቱ የተነሳው በ1861፣ ባርነትን የከለከለው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው በዲሴምበር 1865 ነው። አንድ ነገር ግን መደበቅ የለብንም፦ ፓርከር ራሳቸው አንግሎ ሳክሰን የሚሉት ዘር ከሌላው ይበልጣል ብለው ያምኑ ነበር። «ዓይኔ የሚደርሰው ጥቂት ነው» ማለታቸው በራሳቸውም ላይ እውነት ነበረ።

አሁን ወደ ሁለተኛው። ሐሳቡ ከሰባኪ ወደ ሰባኪ እየተቀባበለ፣ እያጠረ፣ ዶክተር ኪንግ ጋ ደረሰ። በ1958 መጀመሪያ በጻፉት ጽሑፍ ውስጥ በትምህርተ ጥቅስ አድርገው አስገቡት፤ ማለትም የእኔ ነው አላሉም። የማን እንደሆነ ሳይሆን መቼ እንዳሉት ነው ዋናው። 1958 ማለት በአላባማ የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች አውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበት አድማ ካበቃ ከአንድ ዓመት ትንሽ በኋላ ነው። ስለዚህ ቃሉ በምን እንደተመነዘረ ለማየት የአድማውን አሠራር ማየት አለብን። ብዙዎቻችን «ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ላይ ለነጭ ከወንበሬ አልነሳም አሉ፣ ሕጉ ተቀየረ» ብለን ነው የምናውቀው። እንደዚያ አይደለም!

ወይዘሮ ፓርክስ የታሰሩት ሐሙስ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ነው። በዚያችው ሌሊት ጆ አን ሮቢንሰን የሚባሉ የኮሌጅ መምህርት፣ ከአንድ ባልደረባና ከሁለት ተማሪዎች ጋር፣ በስቴንስል ማባዣ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ወረቀት ሲያባዙ አነጉ። አባዝተው፣ ቆራርጠው፣ ጠዋት በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ በተኑት። ወረቀቱ የሚለው ሰኞ አንድ ቀን አውቶቡስ አትሳፈሩ ነው። አንድ ቀን! ሰኞ አውቶቡሶቹ ባዶ ሆኑ፤ ማታ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ ይቀጥል አለ። 381 ቀን ቀጠለ።

መጀመሪያ የጠየቁት ምን እንደነበር ብነግራችሁ ትገረማላችሁ። ጥቁርና ነጭን በመቀመጫ መለያየቱ ይቅር እንኳ አላሉም። በትሕትና አስተናግዱን፤ ጥቁር ከኋላ፣ ነጭ ከፊት እየሞላ ቀድሞ የመጣ ይቀመጥ፤ ጥቁሮች በሚበዙበት መስመር ጥቁር ሾፌር ቅጠሩ፤ ይኸው ነው። ከተማዋ ይህንንም እምቢ አለች። እምቢታው ነው ጠበቆቹን ወደ ሥሩ እንዲወርዱ ያደረገው፤ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 1956፣ የኪንግ ቤት በቦምብ በተመታ በሁለተኛው ቀን፣ መለያየቱ ራሱ ሕገ ወጥ ይባል ብለው በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ።

ሰውስ በምን ተመላለሰ? የአውቶቡስ ዋጋ 10 ሳንቲም ነበር። የጥቁር ታክሲዎች በ10 ሳንቲም እንጭናለን አሉ። ከተማዋ የታክሲ ዝቅተኛ ዋጋ 45 ሳንቲም ነው የሚል ደንብ አውጥታ ከለከለች። ያ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ መኪና ያላቸው ሰዎች ተመዘገቡ፤ ወደ 300 መኪና። ጠዋትና ማታ የሚያሳፍሩባቸውና የሚያወርዱባቸው ቦታዎች ተለዩ፤ የጊዜ ሰሌዳ ወጣ፤ ተራ አስከባሪ ተመደበ። ፖሊስ ሾፌሮቹን በትንሽ በትልቁ ይቀጣ ጀመር። ቀጥሎ የመኪኖቹ ኢንሹራንስ ተሰረዘ፤ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ደግሞ ቆመ ማለት ነው። መፍትሔው ከለንደን፣ ሎይድስ ከሚባለው የኢንሹራንስ ገበያ መጣ። በፌብሩዋሪ 1956 ደግሞ ወደ ዘጠና የሚጠጉ ሰዎች አድማ በሚከለክል የ1921 ሕግ ተከሰሱ፤ ኪንግ 500 ዶላርና የፍርድ ቤት ወጪ ተፈረደባቸው። በመጨረሻ ከተማዋ ማመላለሻው ራሱ ይታገድ ብላ ፍርድ ቤት ሄደች። በኖቬምበር 13 ቀን 1956 እገዳውን አገኘች። በዚያው ቀን፣ ኪንግ ችሎት ተቀምጠው ሳለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአውቶቡስ ላይ መለያየት ሕገ ወጥ ነው የሚለውን ውሳኔ እንዳጸና ወሬ ደረሰ።

እዚህ ላይ ታሪኩን የሚጨርሱት አሉ። ቆዩ! ትእዛዙ በጽሑፍ ሞንትጎመሪ የደረሰው በዲሴምበር 20 ነው። ማመላለሻው ታግዷል፤ ትእዛዙ ገና አልመጣም። ያን ከአምስት ሳምንት በላይ ሕዝቡ በእግሩ ሄደ። የሰው ቤት ወለል ሲወለውሉ የሚውሉ ሴቶች፣ ጠዋት በእግር፣ ማታ በእግር። በክሱ ላይ ስማቸው የሰፈረው ከሳሾችም ሴቶች ናቸው፤ ከእነሱ አንዷ ክላውዴት ኮልቪን ከወይዘሮ ፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ በ15 ዓመቷ፣ አልነሳም ብላ የታሰረች ልጅ ነበረች። እና ማን ጎተተው? እነዚህ ናቸው የጎተቱት። ኪንግ በ1958 ያንን ቃል ሲጽፉ እጃቸው ላይ ይህ ሁሉ ነበር።

ይበልጥ የሚታወቀው ግን በማርች 25 ቀን 1965 በሞንትጎመሪ፣ በአላባማ ምክር ቤት ደጃፍ፣ ወደ 25,000 ሕዝብ ፊት ያሉት ነው። ሰልማ ከምትባለው የአላባማ ከተማ 54 ማይል በእግር ተጉዘው የመጡበት ቀን። ሰልማ ያለችበት ካውንቲ ውስጥ ዕድሜያቸው ለመምረጥ የደረሰ ወደ 15,000 ጥቁሮች ነበሩ፤ የተመዘገቡት ወደ 300 ገደማ። ለምን? የምዝገባ ቢሮው የሚከፈተው በወር ሁለት ሰኞ ብቻ ነው። ቅጹ ረጅም ነው። ሕገ መንግሥት አንብብ፣ ተርጉም ትባላለህ፤ ማለፍ አለማለፍህን የሚወስነው ጸሐፊው ብቻ ነው። የተመዘገበ መራጭ ዋስ ይሁንህ ትባላለህ፤ የተመዘገበ ጥቁር እምብዛም በሌለበት አገር! ደፍሮ የተሰለፈ ደግሞ በማግሥቱ ከሥራ ይባረራል። ግፍ ሁልጊዜ በዱላ አይመጣም፤ በቅጽና በቢሮ ሰዓትም ይመጣል።

በማርች 7 ሰልማ ድልድይ ላይ ወደ 600 በሚጠጉ ሰልፈኞች ላይ ፖሊስ ዱላ ይዞ ወረደባቸው። ሁለት ቀን ቆይቶ ከቦስተን የመጡት ቄስ ጄምስ ሪብ በዱላ ተመቱ፤ በማርች 11 አረፉ። እሳቸው ከፓርከር ከተማና ከፓርከር የእምነት ቤት ነበሩ። በማርች 25 ዶክተር ኪንግ «እስከ መቼ? አይቆይም!» እያሉ ያንን ቃል ተናገሩ። በዚያው ምሽት፣ ሰልፈኞችን በመኪናዋ ስታመላልስ የነበረች ቫዮላ ሊውዞ የምትባል የዲትሮይት የአምስት ልጆች እናት በአውራ ጎዳናው ላይ ተተኩሶባት ሞተች። የመራጮች መብት ሕግ በኦገስት 6 ተፈረመ። በሚሲሲፒ ከሕጉ በፊት ለመምረጥ ከደረሱት ጥቁሮች የተመዘገቡት 6.7 በመቶ ነበሩ፤ በ1967 59.8 በመቶ ደረሱ።

እሺ፣ ሦስተኛው። እኛ የት ላይ እናበላሸዋለን?

አባባሉን የእንቅልፍ ኪኒን እናደርገዋለን። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚል ተረት አለን፤ ሸጋ ተረት ነው። ነገር ግን ንጋት ሰው ተኝቶም ይነጋል። ፍትሕ እንደዚያ አይነጋም። ሌላም ተረት እኮ አለን፤ «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል»። ጊዜ ለቅሉም ይሰጣል! ኪንግ በኤፕሪል 1963 በርሚንግሃም እስር ቤት ሆነው የጻፉት ደብዳቤ ላይ ይህንኑ ብለዋል፤ ታገሡ፣ ጊዜ ይፈታዋል ላሏቸው ቄሶች ሲመልሱ፣ ጊዜ በራሱ ወገን የለውም፣ ለጥፋትም ለልማትም ይውላል፣ የሰው ልጅ መሻሻል ግድ ሆኖ በመንኮራኩር አይመጣም አሉ። አንዱ ሰው ነው ሁለቱንም ያለው። የቅስቱን ቃል ከዚህ ደብዳቤ ነጥሎ መጥቀስ ግማሽ መድኃኒት መዋጥ ነው።

ቅስቱ ወደ ኋላ ሲመለስም ታይቷል። በሉዊዚያና በ1896 የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች 130,334 ነበሩ። በ1898 አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ፤ ማንበብ የሚችል፣ ንብረት ያለው፣ ወይም አባቱ ወይም አያቱ ከ1867 በፊት መራጭ የነበረ ይመዝገብ አለ። የባሪያ ልጅ አያቱ ከየት መራጭ ይሆናል? በ1904 የቀሩት 1,342 ናቸው። በ1870 ተወልዶ በ1940 የሞተ ጥቁር ሉዊዚያናዊ አስቡ። ዕድሜውን ሙሉ ያየው ቅስት ወደ ታች ነው። ለእሱ «አትጨነቅ፣ ወደ ፍትሕ ያጋድላል» ማለት ምን ዓይነት ማጽናኛ ነው?

ደጋን የሚያውቅ አለ? እጃችሁን እስቲ! እናቶች ታውቃላችሁ፤ ጥጥ ሲነደፍበት። ደጋን የሚሆነው እንጨት በተፈጥሮው አይጎብጥም። ይለዝባል፣ በእጅ ይጎበጣል፣ ከዚያ ጫፍና ጫፉ በጅማት ይወጠራል። ደጋን ሆኖ የሚቆየው ጅማቱ እስካለ ነው። ጅማቱ ቢበጠስ እንጨቱ ተስፈንጥሮ ይመለሳል። የ1965ቱ ሕግ ጅማት ነበረው፤ በምርጫ አድሎ የታወቁ ግዛቶች የምርጫ ደንባቸውን ከመቀየራቸው በፊት ለፍትሕ ሚኒስቴር ወይም ለዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት አቅርበው ማስፈቀድ ነበረባቸው። ማለትም ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ መክሰስ ሳይሆን ቀድሞ ማስቆም። በጁን 25 ቀን 2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ የትኞቹ ግዛቶች እንደሚያስፈቅዱ የሚወስነውን ቀመር ሻረው። የማስፈቀዱ ግዴታ በወረቀት ላይ ቀረ፤ የሚመለከተው ግዛት ግን የለም። ከሳሹ ካውንቲ ያለው አላባማ ውስጥ ነው። ሰልማ ያለችበት አላባማ!

የዚህ አባባል ዘመድ የሆነ ሌላም አለ፤ «በታሪክ የተሳሳተ ወገን ቆማችኋል» የሚል። ይህኛው የኪኒን ሳይሆን የዱላ ሥራ ይሠራል። ታሪክን ዳኛ አድርገን፣ ዳኛው ከእኔ ጋር ነው ብለን ሌላውን ዝም ማሰኛ። ይህን ሐሳብ በክብሩ የተናገረው ሰው ለእኛ ሩቅ አይደለም። በጁን 30 ቀን 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ጃንሆይ ጸንተው ቆሙና እግዚአብሔርና ታሪክ ፍርዳችሁን ያስታውሳሉ አሏቸው። ቃሉ ለማስፈራራት አልነበረም፤ የሚማጸኑበት ሌላ ችሎት ስላልነበረ ነው። ማኅበሩስ ምን አደረገ? በሳምንቱ ውስጥ፣ በጁላይ 4፣ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሳ ድምፅ ሰጠ። ታሪክ ያንን ያስታውሳል፤ እውነት ነው። ሜይ 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ የተገባው ግን ታሪክ ስላስታወሰ አይደለም። አምስት ዓመት በዱር በገደል የተዋደቁት አርበኞች ነበሩ፣ ከጣሊያን ጋር ጦርነት የገባችው የእንግሊዝ ጦር ነበር። ታሪክ ጸሐፊ እንጂ ወታደር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ትርጉሙ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነው ከእነዚያ ሰዎች ጋር ምን አለን የሚል ይኖር ይሆናል። ከ1924 ጀምሮ በነበረው የኮታ ሕግ ከኢትዮጵያ በዓመት ለመግባት የተፈቀደው ኮታ 100 ሰው ነበር፤ ለብሪታንያ ከ1929 ጀምሮ ከ65,000 በላይ። ይህን በትውልድ አገር የሚያበላልጥ ኮታ የሻረው ሕግ የተፈረመው በኦክቶበር 3 ቀን 1965 ነው፤ ከመራጮች መብት ሕግ 58 ቀን በኋላ። ሁለቱን ያጸደቀው ያው ኮንግረስ፣ የፈረመው ያው ፕሬዚዳንት፣ አየሩን የቀየረው ያው ንቅናቄ ነው። በስደተኝነትም፣ በዲቪም፣ በቤተሰብም የመጣን በዚያ በር ነው ያለፍነው። ዜግነት ያላችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፤ ምዝገባችሁን አጣሩ። ቤት ስትቀይሩ አድራሻ አስተካክሉ፤ ስማችሁ መታወቂያው ላይና መዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን እዩ፤ የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በሦስት መንገድ ስለሚጻፍ ችግር የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ይህን ከምርጫው ሳምንት በፊት ሳይሆን ከወራት በፊት አድርጉት፤ በብዙ ግዛት ምዝገባ ቀድሞ ይዘጋል።

አሁን የትርጉሙ ነገር። «ይጎብጣል» አይሆንም፤ ምክንያቱን ነግሬያችኋለሁ። «ያዘነብላል» ይሻላል፤ ግን ለእኔ በራሱ የሚዘነበል ይመስላል። «ያጋድላል» ስል ሚዛን ይታየኛል፤ ሚዛን ላይ ደግሞ ክብደት የሚጨምር እጅ አለ፤ ስለዚህ እሱን መረጥሁ። «ቅስት»ን «ደጋን» ብለው ቢተረጉሙት ደስ ባለኝ፤ ጅማቱ ስለሚታሰብ። ከመጨረሻው ላይ «የሚጎትቱት ካሉ» የሚል ለመጨመር እጄን በላኝ። አልጨምርም፤ ፓርከርም ኪንግም በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አላሉትም፣ ተርጓሚ ደግሞ የሌለ ቃል አይሸጥም። እንግዲህ የእኔ ይህ ነው፦ «የሞራል ዓለም ደጋን ረጅም ነው፤ ነገር ግን ወደ ፍትሕ ያጋድላል።» «ደጋን» እና «ያጋድላል» አብረው አልሄዱም የምትሉ እንዳላችሁ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። የተሻለ ያለው ያምጣ። ማይኩን ከኋላ ጀምሩልኝ፤ እዚያ ጥግ ያሉት እናት ቀደም ብለው እጃቸውን አውጥተው ነበር።